የአንጀት ብግነት ሕመምና ኤች አይ ቪ፦ በደማምና በኾባር ለሚኖሩ ወገኖች

በሳውዲ ዐረቢያ ምሥራቃዊ ግዛት፣ በደማም፣ በኾባርና በዳህራን በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ዘንድ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ሲከሰት ቀድሞ የሚሰጠው ስም «አሜባ» ወይም «ኪንታሮት» ነው። ከአገር ቤት በሻንጣ የመጣ ፍላጂል ይፈለጋል፤ ጥቁር አዝሙድ ከማር ጋር ይወሰዳል፤ ሕመሙም ለጥቂት ቀናት ጋብ ይላል። ከሳምንታት በኋላ ሲመለስ ወደ ክሊኒክ የሚሄድ ሰው ብዙ ጊዜ ይዞ የሚወጣው ደግሞ ሌላ ቃል ነው፤ «ቀውሎን»።

ይህ ቃል ጥቂት ማብራሪያ ይሻል። በዐረብኛ «ቀውሎን» ማለት ወፍራሙ አንጀት እንጂ የበሽታ ስም አይደለም። በሳውዲ የዕለት ተዕለት ንግግር ግን «አል-ቀውሎን አል-ዐሰቢ» ለሚባለው፣ በሆድ መነፋት፣ በቁርጠትና በሆድ ድርቀት ወይም በተቅማጥ ለሚታወቀው ሕመም ማሳጠሪያ ሆኖ ያገለግላል። በዚህ ሕመም አንጀት ይረበሻል እንጂ አይቆስልም። ወረቀቱ ላይ «ኢልቲሃብ አል-ቀውሎን አት-ተቀሩሒ» ወይም «ዳእ ክሮን» የሚል ከተጻፈ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ የመጀመሪያው «ቁስለት ያለበት የወፍራም አንጀት ብግነት»፣ ሁለተኛው «የክሮን በሽታ» ማለት ነው። አስተርጓሚ ሆኖ የገባ ጎረቤት ሁለቱንም «ቀውሎን ነው አለህ» ብሎ በአንድ ቃል ሊያልፋቸው ይችላል። ይሁንና በሰገራ ውስጥ ደም መታየቱን፣ ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ተቅማጥን፣ ትኩሳትንና ያለ ምክንያት መክሳትን «ቀውሎን ዐሰቢ» የሚለው ስም አይገልጻቸውም።

የአንጀት ብግነት ሕመም በዋናነት የእነዚህ የሁለቱ በሽታዎች የጋራ መጠሪያ ነው። አልሰረቲቭ ኮላይትስ የሚባለውን፣ ማለትም ቁስለት ያለበትን የወፍራም አንጀት ብግነት፣ እንግሊዛዊው ሐኪም ሳሙኤል ዊልክስ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1859 ገልጾታል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። የክሮን በሽታ ስሙን ያገኘው በ1932 ከሁለት ባልደረቦቹ ከሊዮን ጊንዝበርግና ከጎርደን ኦፐንሃይመር ጋር በኒው ዮርክ ስለ በሽታው ካሳተመው ከቡሪል ክሮን ነው። የመጀመሪያው ከፊንጢጣ ጀምሮ ወደ ላይ ያለማቋረጥ የሚዘልቅና የወፍራም አንጀትን የውስጥ ሽፋን የሚያቆስል ነው። ሁለተኛው ከአፍ እስከ ፊንጢጣ የትም ሊነሳ ይችላል፤ አንዱን ክፍል አልፎ ሌላውን ይይዛል፤ የአንጀቱን ግድግዳ ከውስጥ እስከ ውጭ ዘልቆ ያጠብባል፣ ይበሳልም። የቀጭኑ አንጀት መጨረሻ ከወፍራሙ ጋር የሚገናኝበት ቦታ የክሮን በሽታ የሚያዘወትረው ሥፍራ ነው፤ ይህ ነጥብ ኋላ ላይ ስለ ሳንባ ነቀርሳ ሲነሳ ይጠቅማል። በሁለቱም ሕመሞች የሰውነት መከላከያ ኃይል በአንጀት ውስጥ በሚኖሩ ተሕዋስያን ላይ ከልክ በላይ እንደሚነሳ ይታወቃል፤ በዘር የሚወረስ ተጋላጭነት፣ አመጋገብና አካባቢም ድርሻ አላቸው።

በሳውዲ ዐረቢያ ሕመሙ ባለፉት አሥርት ዓመታት እየጨመረ መጥቷል፤ ከተማ ቀመስ አኗኗር በተስፋፋባቸው አገሮች ሁሉ የታየ ነገር ነው። በኢትዮጵያ ግን ብርቅ ተደርጎ ሲቆጠር ቆይቷል። ለዚህ አንዱ ምክንያት በእርግጥም ጥቂት መሆኑ ሊሆን ይችላል፤ ሌላው ግን ያለ ጥርጥር የአንጀት መመልከቻ መሣሪያና የፓቶሎጂ ባለሙያ በጥቂት ከተሞች ብቻ መገኘቱ ነው። ያልታየ በሽታ አይቆጠርም፤ በአሜባ ስም የታከመም እንዲሁ።

ቫይረሱ መጀመሪያ የሚጎዳው ቦታ

ኤች አይ ቪ ብዙ ጊዜ «የደም» በሽታ ተደርጎ ይታሰባል፤ ምርመራው በደም ስለሆነ ይህ አያስገርምም። ይሁን እንጂ ከሰውነት የመከላከያ ሕዋሳት ብዙዎቹ የሚኖሩት በአንጀት ግድግዳ ውስጥ ነው። ቫይረሱ በየትኛውም መንገድ ቢገባ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ውስጥ ሲዲ4 የሚባሉትን የአንጀት ሕዋሳት በብዛት ያጠፋል፤ ይህም በደም ምርመራ ላይ የሲዲ4 ቁጥር ገና ብዙ ሳይወርድ የሚሆን ነው። ዶናልድ ኮትለርና ባልደረቦቹ በ1984 በኤድስ ሕሙማን ላይ ሌላ ጀርም ሳይገኝ አንጀት እንደሚጎዳ ጽፈው ነበር። በ2006 የታተመ ጥናት ደግሞ የተጎዳው ግድግዳ የባክቴሪያ ቅንጣቶችን ወደ ደም እንደሚያሳልፍና ይህም መላ ሰውነትን ባለማቋረጥ እንደሚያስቆጣ አሳየ። ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ቫይረሱን ይገታል፣ የደሙንም ሲዲ4 ያነሣል፤ የአንጀቱ ግን በዝግታና ብዙ ጊዜ በከፊል ብቻ ይመለሳል።

ሁለቱ ሕመሞች በአንድ ሰው ላይ ሲገናኙ ምን ይሆናል? በ1988 «ጋስትሮኢንተሮሎጂ» በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ አንድ ያልተጠበቀ ታሪክ ታተመ፤ የክሮን በሽታ የነበረበት ሰው በኤች አይ ቪ ከተያዘ በኋላ የአንጀት ሕመሙ ጋብ አለ። ከዚያ ተነስቶ የክሮን ብግነት የሚነሣው በሲዲ4 ሕዋሳት ከሆነ፣ ሕዋሳቱ ሲመናመኑ ብግነቱም ይበርዳል የሚል መላ ምት ቀረበ። አመክንዮው የሚስብ ነው፤ ማስረጃው ግን በጥቂት ሕሙማን ላይ የተመሠረተ ሲሆን፣ ሲዲ4 ዝቅ ባለባቸውም ሕመሙ የበረታባቸው ሰዎች ተመዝግበዋል። መድኃኒት ጀምረው አቅማቸው ሲመለስ የአንጀት ሕመማቸው እንደገና የተቀሰቀሰባቸውም አሉ። ስለዚህ ከመላ ምቱ ተነስቶ ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒትን ማዘግየት ወይም ማቋረጥ ተገቢ ነው የሚል ሐኪም የለም።

ሌላው ያልተጠበቀ መገናኛ ከመድኃኒት በኩል መጣ። ለአንጀት ብግነት በ2014 በአሜሪካ የተፈቀደው ቬዶሊዙማብ የሚሠራው የመከላከያ ሕዋሳት ወደ አንጀት የሚገቡበትን «የበር ቁልፍ» በመዝጋት ነው። በ2008 የኤች አይ ቪ ቅንጣት በዚያው ቁልፍ ላይ እንደሚጣበቅ ታወቀ። በ2016 በዝንጀሮዎች ላይ የተሠራ ሙከራ ከቬዶሊዙማብ ጋር የሚመሳሰል ፀረ እንግዳ አካል ቫይረሱን ለረጅም ጊዜ እንደገታ ሲዘግብ ተስፋው ከፍ አለ፤ በ2019 ግን ሌሎች ቡድኖች ሙከራውን ደግመው ያንን ውጤት ማግኘት አልቻሉም፤ በሰዎች ላይ የተደረገውም ሙከራ ፈውስ አላስገኘም። መድኃኒቱ ለአንጀት ብግነት ያለው ጥቅም ግን አልተለወጠም፤ ሥራው በአንጀት ላይ ስለሚያተኩር ከኤች አይ ቪ ጋር ለሚኖር ሰው ሐኪሞች ከሚመርጧቸው አንዱ ነው።

መስሎ የሚመጣ ሕመም

ከኢትዮጵያ የመጣና ኤች አይ ቪ በደሙ የሚገኝ ሰው ደማም ውስጥ በሚንዛር፣ ማለትም በካሜራ ቱቦ፣ አንጀቱ ታይቶ ቁስል ሲገኝበት፣ ክሮን ነው ከመባሉ በፊት ሊጠየቅ የሚገባው ጥያቄ ብዙ ነው። ዋነኛው የሳንባ ነቀርሳ ነው። ስሙ የሳንባ ቢሆንም ነቀርሳ አንጀትን ሲይዝ የሚያዘወትረው ያንኑ የቀጭንና የወፍራም አንጀት መገናኛ ነው። ሁለቱም ያከሳሉ፣ ያተኩሳሉ፣ አንጀትን ያጠብባሉ፤ ሁለቱም ናሙናው በማይክሮስኮፕ ሲታይ ግራኑሎማ የሚባሉ የሕዋሳት ክምችቶችን ያሳያሉ። በነቀርሳ የክምችቱ መሐል እንደ አይብ መበስበሱ ይለየዋል፤ ነገር ግን ይህ ምልክት በናሙናው ሁሉ ላይ አይገኝም። ጀርሙን በዘረመል ምርመራ ወይም በማሳደግ ማግኘትም ሁልጊዜ አይሳካም።

ስህተቱ በሁለቱም በኩል ያስከፍላል። ነቀርሳ ለሆነው ሰው ክሮን ተብሎ ስቴሮይድ ከተሰጠው፣ ከዚያም አልፎ ኢንፍሊክሲማብን የመሰለ ቲኤንኤፍ የሚባለውን የመከላከያ መልእክተኛ የሚያግድ መድኃኒት ከተጀመረለት፣ ነቀርሳው በመላ ሰውነት ሊሰራጭ ይችላል፤ ቲኤንኤፍ ሰውነት የነቀርሳን ጀርም አጥሮ የሚይዝበት ዋና መሣሪያ ነውና። ክሮን ለሆነው ሰው ደግሞ ነቀርሳ ተብሎ ለወራት የነቀርሳ መድኃኒት ብቻ ቢሰጠው አንጀቱ እየጠበበ ይሄዳል። ለዚህ ነው ጥርጣሬው ሳይፈታ ሲቀር ብዙ ሐኪሞች የነቀርሳ መድኃኒት ሰጥተው ከሁለት እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ በሚንዛር እንደገና የሚያዩት፤ ቁስሉ ከዳነ ነቀርሳ ነበር ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ዶሉተግራቪር የሚወስድ ሰው አንድ ነገር ማሳሰብ አለበት፤ ሪፋምፒሲን ዶሉተግራቪርን ከሰውነት ቶሎ ስለሚያስወጣ መጠኑ በቀን ሁለት ጊዜ 50 ሚሊ ግራም ይሆናል።

ከነቀርሳ ቀጥሎ ሊዘነጋ የማይገባው፣ በባሕረ ሰላጤው ሐኪም ዘንድ ግን በቀላሉ ሊረሳ የሚችለው፣ ስትሮንጂሎይድስ የሚባለው ትል ነው። በባዶ እግር እርጥብ አፈር በሚረገጥበት አካባቢ በቆዳ በኩል ይገባል፤ በሰውየው ውስጥ ራሱን እያባዛም አሥርት ዓመታት ሊኖር ይችላል። በልጅነቱ ገጠር ያደገ ሰው አሁን ኾባር ውስጥ በአሥረኛ ፎቅ ቢኖርም ትሉን ይዞ ሊሆን ይችላል። ራሱ ትሉ ብዙም አያሳምም፤ ለአንጀት ብግነት ተብሎ ስቴሮይድ ሲሰጥ ግን ያለ ገደብ ተራብቶ ከአንጀት ወደ ሳንባና ወደ ሌላ አካል ይወጣል፤ ይህም በአብዛኛው ገዳይ ነው። ከስቴሮይድ በፊት የሚደረግ ምርመራ፣ ወይም የሚሰጥ አይቨርሜክቲን፣ ይህን አደጋ ያስቀራል። ሐኪሙ ካልጠየቀ ሕመምተኛው ራሱ «ያደግሁት ገጠር ነው» ማለቱ ጥቂት ቃል ነው፤ ጥቅሙ ግን ብዙ ነው።

በጣና ዳርና በሌሎች ሐይቆች አካባቢ ያደገ ሰው የአንጀት ቢልሃርዚያ ሊኖርበት ይችላል፤ ይህም ሰገራን ያደማል። ሲዲ4 ከ50 በታች በወረደበት ሰው ሳይቶሜጋሎ ቫይረስ ወፍራም አንጀትን ያቆስላል፤ በናሙና ካልተለየ አልሰረቲቭ ኮላይትስ ይመስላል። ክሪፕቶስፖሪዲየም በተለመደው የሰገራ ምርመራ አይታይም፤ በልዩ ቀለም ካልተፈለገ «ምንም የለም» የሚል ወረቀት ይወጣል። በግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚተላለፉ እንደ ክላሚዲያ፣ ጨብጥና ቂጥኝ ያሉ ሕመሞችም የፊንጢጣን አካባቢ አቁስለው የአንጀት ብግነት ሊመስሉ ይችላሉ፤ ይህ ጥያቄ በኀፍረት ሳይነሣ ስለሚቀር ለወራት በተሳሳተ መድኃኒት የሚንገላታ ሰው አይጠፋም።

መለያው የተላጠ ጠርሙስ

ከአገር ቤት ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ይዞ የሚጓዝ ሰው የጠርሙሱን መለያ ልጦ መያዙ የሚገባ ፍርሃት ያለበት ልማድ ነው። በሕክምና ክፍል ውስጥ ግን አደጋ አለው። በአሁኑ ጊዜ በኢትዮጵያ ብዙዎች የሚወስዱት የቴኖፎቪር፣ የላሚቩዲንና የዶሉተግራቪር ቅንጅት ነው፤ ከአንጀት መድኃኒቶች ጋር ያለው ግጭት ጥቂት ነው። ወደ ሁለተኛ ደረጃ ሕክምና የተሻገሩት ግን አታዛናቪር ወይም ሎፒናቪር ከሪቶናቪር ጋር ይወስዳሉ። ሪቶናቪር ጉበት መድኃኒትን የሚሰብርበትን መንገድ ይዘጋል። ሐኪሙ ይህን ሳያውቅ ለክሮን ቡዴሶናይድ ቢያዝዝ፣ አንጀት ላይ ብቻ ይሠራል የተባለው ስቴሮይድ በደም ውስጥ ይከማቻል፤ ፊት ያብጣል፣ ስኳርና የደም ግፊት ይወጣሉ፣ በድንገት ሲቋረጥም የኩላሊት ራስ ዕጢዎች ሥራቸውን ያቆማሉ። ለአስም በአፍ የሚነፋው ፍሉቲካሶንም ያንኑ ያደርጋል። ሎፒናቪር ራሱ ተቅማጥ እንደሚያመጣም መታወስ አለበት፤ ሐኪም አማክሮ መድኃኒቱን መቀየር ብቻ የሚፈታው ችግር ክሮን ተብሎ እንዳይታከም።

ለጨጓራ የሚታዘዘው ኦሜፕራዞል አታዛናቪርን እንዳይመጠጥ ያደርጋል። ደም በመፍሰስ ለሚመጣ የደም ማነስ የሚታዘዘው ብረት፣ እንዲሁም ካልሲየምና አሉሚኒየም ያለባቸው የጨጓራ ማርገቢያዎች ዶሉተግራቪርን ይይዙታል፤ ስለዚህ ዶሉተግራቪር ከእነርሱ ሁለት ሰዓት ቀድሞ ወይም ስድስት ሰዓት ቆይቶ ይወሰዳል። በረመዳን ወይም በሌላ ጾም ሁሉንም ክኒን በአንድ ማዕድ ላይ አጠራቅሞ መዋጥ የተለመደ ነው፤ እዚህ ላይ ግን ዋጋ ያስከፍላል።

ለአልሰረቲቭ ኮላይትስ መጀመሪያ የሚመረጠው ሜሳላዚን የመከላከል አቅምን አያወርድም፤ ከቴኖፎቪር ጋር ሲሰጥ ሁለቱም ኩላሊትን ሊነኩ ስለሚችሉ የክሪያቲኒን ምርመራ በየጊዜው ይደረጋል። አዛታዮፕሪን ነጭ የደም ሕዋሳትን ያወርዳል፤ ሜቶትሬክሴት ከኮትሪሞክሳዞል ጋር ሲገናኝ መቅኔን ይጎዳል። የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ያለበት ሰው ቲኤንኤፍ የሚያግድ መድኃኒት ከጀመረ የጉበቱ ሕመም ሊቀሰቀስ ይችላል። ቴኖፎቪርና ላሚቩዲን ሄፓታይተስ ቢንም የሚያክሙ መሆናቸው በአጋጣሚ የተገኘ ጥቅም ነው፤ በዚያው ልክ በድንገት ማቋረጣቸው ጉበትን ያስቆጣል።

ቫይረሱ በምርመራ የማይታይበት ደረጃ የደረሰና ሲዲ4ው የተመለሰ ሰው የአንጀት ብግነት ሕክምናው ኤች አይ ቪ ከሌለበት ሰው ብዙም አይለይም፤ ኢንፍሊክሲማብን የመሰሉ መድኃኒቶችንም በጥንቃቄ መውሰድ ይችላል። ቅድመ ሁኔታው ሐኪሙ ማወቁ ነው።

ኢቃማና ምርመራ

እዚህ ላይ ነገሩ ከሕክምና ይወጣል። ለሥራ ወደ ሳውዲ ዐረቢያ የሚሄድ ሰው በአገሩ፣ ከገባም በኋላ ለኢቃማ ሲል የኤች አይ ቪ ምርመራ ያደርጋል፤ ቫይረሱ የተገኘበት የውጭ ዜጋ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ አያገኝም፣ ወደ አገሩም እንዲመለስ ይደረጋል። የተባበሩት መንግሥታት የኤድስ መርሐ ግብር በ2019 በኤች አይ ቪ ምክንያት የጉዞ ወይም የመኖሪያ ገደብ ካላቸው 48 አገሮችና ግዛቶች መካከል ሳውዲ ዐረቢያን ዘርዝሯል። በአንጻሩ አገሪቱ በ2018 ያወጣችው የኤድስ መከላከያና የሕሙማን መብት ሕግ የሕመምተኛው ምስጢር እንዲጠበቅ ያዝዛል፤ ለዜጎቿም ሕክምናው በነጻ ነው።

ለአንጀት ብግነት ጠንካራ መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት የነቀርሳ፣ የሄፓታይተስና የኤች አይ ቪ ምርመራ ይታዘዛል። ሥራውን እንዳያጣ የሚፈራ ሰው እዚህ ደረጃ ላይ ሲደርስ ሕክምናውን ትቶ መጥፋቱ፣ ወይም ስቴሮይድ ከፋርማሲ ገዝቶ መዋጡ የሚጠበቅ ነው። ፍርሃቱ መሠረት አለው፤ ስለዚህ «አትፍሩ» ማለት ከንቱ ነው። ይሁንና ሳይታወቅ የቆየ ኤች አይ ቪ፣ ስቴሮይድና የተደበቀ ነቀርሳ በአንድ ሰው ላይ ሲገናኙ የሚጠፋው ከሥራ ይበልጣል። ኢትዮጵያ ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒትን ከ2005 ጀምሮ በነጻ ትሰጣለች፤ የተመለሰ ሰው ሕክምናውን ያገኛል።

አስተርጓሚ ማን ይሁን የሚለውም ቀላል ጥያቄ አይደለም። ከአሠሪው፣ ከአሠሪው ቤተሰብ ወይም ከአንድ ክፍል ተጋሪ ጋር ሐኪም ፊት የቀረበ ሰው ስለ ኤች አይ ቪም ሆነ ስለ ፊንጢጣ ሕመም እውነቱን አይናገርም። ብዙዎቹ የአካባቢው ሐኪሞች እንግሊዝኛ ይናገራሉና፣ ጥቂት እንግሊዝኛ የሚያውቅ ሰው ብቻውን መግባትን ቢጠይቅ ይሻለዋል። የጤና ሚኒስቴሩ የስልክ መስመር 937 ነው፤ ለአምቡላንስ የቀይ ጨረቃው 997 ይደወላል። በግል ድርጅት ለተቀጠረ ሠራተኛ አሠሪው የጤና መድን እንዲገዛለት ሕጉ ያስገድዳል። ከፍ ያለ ምርመራ የሚሹ ሕሙማን በደማም ወደ ንጉሥ ፋህድ ስፔሻሊስት ሆስፒታል፣ በኾባር ደግሞ በኢማም ዐብዱራሕማን ቢን ፈይሰል ዩኒቨርሲቲ ሥር ወዳለው የንጉሥ ፋህድ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል «ተሕዊል» በሚባለው የሪፈር ወረቀት ይላካሉ።

በበጋ የግዛቱ ሙቀት ከ45 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል፤ የባሕሩ ወበቅም ይጨመርበታል። ከሰኔ 15 እስከ መስከረም 15 (በአውሮፓውያን) ከቀኑ 6 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ፀሐይ ላይ ማሠራት የተከለከለ ነው፤ ተቅማጥ ለያዘው የግንባታ ሠራተኛ ግን ከጠዋቱም ሰዓት የሚያልበው ውኃና ጨው ሲደመር ኩላሊትን ለመጉዳት ይበቃል። በደም መፍሰሱ ላይ ራስ ማዞር፣ የልብ ምት መፍጠንና የሽንት ማነስ ከተጨመረ፣ ወይም ሆድ ተወጥሮ መንካት የማያስችል ከሆነ፣ ቀጠሮ ሳይጠበቅ ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ያስፈልጋል።

ወደ አገር የሚመለስ ሰው ከመነሣቱ በፊት «ተቅሪር ጢቢ» የሚባለውን የሕክምና ሪፖርት ቢጠይቅ፣ ከሱም ጋር የሚንዛሩን ፎቶግራፎች፣ የፓቶሎጂውን ውጤትና የመድኃኒቶቹን ትክክለኛ ስም ዝርዝር ቢይዝ መልካም ነው። በሳውዲ የመድኃኒቱ የንግድ ስም ከአዲስ አበባው ሊለይ ስለሚችል የንጥረ ነገሩ ስም ይጻፍለት። ሪፖርቱ በእንግሊዝኛ እንዲሆን መጠየቅም የትርጉም ወጪን ያስቀራል። ይህ ሁሉ በዚያው እያሉ ቢደረግ ይቀላል፤ የሆስፒታሉ ፋይል የሚከፈተው በኢቃማ ቁጥር ነውና ከአዲስ አበባ በስልክ ማስወጣቱ አድካሚ ነው።